ባቡር በጓዳ፦ ሞዴል ባቡርን ከባዶ ጣውላ ተነስቶ ማስኬድ

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። የባቡሩ ጡሩምባ ቤቴ ድረስ ይሰማል። በተሰማ ቁጥር የአከራዬ ትንሽ ልጅ እየሮጠች ትመጣና "የእኛንም አስነሳው!" ትለኛለች። የእኛ የምትለው ሰርቪስ ክፍሌ ውስጥ በኮምፔልሳቶ ላይ የሚዞረውን ሞዴል ባቡር ነው።

ይህን ነገር እንዴት እንደሚጀምሩ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚያነሱት ሎኮሞቲቩን፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚጎትተውን ባለ ሞተር ራስ ነው። የቱ ያምራል፣ የቱ ይሻላል ይሉኛል። እኔ ግን ምክሬ ሁልጊዜ አንድ ነው። ካላችሁ ገንዘብ ግማሹን ለጣውላው፣ ለሐዲዱና ለሽቦው አውሉት። ርካሽ ሎኮሞቲቭ በጥሩ ሐዲድ ላይ ደስ እያለው ይሄዳል። ውዱ ሎኮሞቲቭ በመጥፎ ሐዲድ ላይ ይንተፋተፋል፣ ይቆማል፣ ይወድቃል። ከዚያ ሰው ይሰለችና ሁሉንም ካርቶን ውስጥ ከትቶ አልጋ ስር ይወረውረዋል።

ስኬል መምረጥ

ስኬል ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚናገር ቁጥር ነው። በብዛት የሚገኙት ኤችኦ እና ኤን ናቸው። ኤችኦ 87 ጊዜ ያነሰ ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን 160 ጊዜ ያነሰ ነው፤ ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር ነው።

እዚህ ጋ አንድ ደስ የሚል ሂሳብ አለ። ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 ስታካፍሉት 16.5 ይመጣል። የከተማው ቀላል ባቡርም ስፋቱ ያው 1435 ነው። ስለዚህ ተራ የኤችኦ ሐዲድ ስትዘረጉ በደጃችሁ የሚያልፈውን መስመር በትክክለኛ ልኩ እየሰራችሁ ነው ማለት ነው።

የድሮው የለገሃር ባቡር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ያ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለዚህ ተብሎ የሚሰራ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ አለ፤ ኤችኦኤም ይባላል። ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። ለገሃርን የምትወዱ ሰዎች ሁለተኛ ሥራችሁ ይሁን እንጂ በሱ አትጀምሩ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወይም በአንድ ክፍል የምትኖሩ ከሆነ ኤን ይሻላችኋል። ሰርቪስ ቤት ወይም ሰፋ ያለ ክፍል ካላችሁ ኤችኦ ውሰዱ። ለልጅ ጣትም፣ ለጎልማሳ ዓይንም ይመቻል።

ከውጭ ሲመጣ ምን ይታያል?

አብዛኛው ዕቃ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። ለዘመዳችሁ "ባቡር አምጣልኝ" ብቻ ብትሉት ያገኘውን ይዞ ይመጣል። አስቀድማችሁ በጽሑፍ ንገሩት፦ ኤችኦ፣ ባለ ሁለት ሐዲድ፣ በ12 ቮልት ዲሲ የሚሰራ። ይህ በቂ ነው።

ባለ ሁለት ሐዲድ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። የጀርመኑ ሜርክሊን የሚያምር ዕቃ ይሰራል፤ የኤችኦ ባቡሮቹ ግን አንዱን የኤሌክትሪክ መስመር የሚያገኙት በሐዲዱ መሃል ከተደረደሩ ነጥቦች ነው። ከሌላው ሐዲድ ጋር አይሄድም። ጎማዎቹ በተራ ባለ ሁለት ሐዲድ ላይ ሾርት ያደርጋሉ። ሜርክሊን ካገኛችሁ ሙሉውን የባቡር ስብስብ ከነሐዲዱ ያዙ፣ ከሌላ ጋር አትቀላቅሉት። የእንግሊዙ ሆርንቢ ደግሞ በብዛት 76 ጊዜ ያነሰ ነው። ሐዲዱ ያው 16.5 ስለሆነ ይሄዳል፤ ከኤችኦ ፉርጎ ጎን ሲቆም ግን ይገዝፋል።

ከሁሉ በላይ ትራንስፎርመሩን እዩ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ለእኔ የመጀመሪያው የባቡር ስብስብ የመጣው ከአሜሪካ ነበር። ከደስታዬ ብዛት ጽሑፉን ሳላነብ ዲቫይደር ላይ ሰካሁት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ ትራንስፎርመሩም ተቃጠለ። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ነበር። 100-240 የሚል ከሆነ ችግር የለውም። 120 ብቻ ካለ ሶኬት አታስነኩት።

ጣውላው

አንድ ሙሉ ኮምፔልሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። ለኤን አራት ቦታ አስቆርጡት። አንዱ ቁራጭ 61 በ122 ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ዙር ይበቃል። ለኤችኦ ግን ሙሉው ያስፈልጋል። እሱንም ቢሆን መሃል ለመሃል ሁለት ቦታ አስቆርጡትና 122 በ122 የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች አድርጉት። ተከራይ ነን፣ ቤት እንቀይራለን። ሰሌዳው በጎኑ ዘንበል ብሎ በበር መውጣት አለበት።

ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከስሩ ከሞራሌ የተሰራ ፍሬም ይግባበት፤ መሃሉ ላይም አግዳሚ ጨምሩበት። ሁለቱን ሰሌዳዎች በቡሎን አገናኙ። ቺፑድ ርካሽ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። ከባድ ነው፣ ውሃ ከነካውም አለቀለት።

የሰፈራችን አናጺ ሽማግሌ ናቸው። ፍሬሙን ሲሰሩልኝ "ልጄ፣ ጠርዙን ካልቀባኸው ክረምት ላይ ያብጥብሃል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው እርጥበት ያልተቀባ እንጨት ይጣመማል፣ ሐዲዱንም ይዞት ይጣመማል። ላይ ታቹን፣ በተለይ የተቆረጠውን ጠርዝ፣ ሁለት ዙር የዘይት ቀለም ቀቡት። ይድረቅ። አንድ ሳምንት ታገሱ።

ቁመቱ ከወለል አንድ ሜትር አካባቢ ይሁን። ሰው ክንዱን ዘርግቶ በምቾት የሚደርሰው እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው። ስለዚህ 122 ስፋት ያለውን ሰሌዳ በሁለቱም ጎን መግባት እንዲቻል ከግድግዳ አርቃችሁ አቁሙት። ባቡር ሁልጊዜ የሚወድቀው እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው።

ሐዲዱን መዘርጋት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እኔ አንድ ዙር ለመዘርጋት ሦስት ቅዳሜ ወስዶብኛል፤ አሁን ብሰራውም ያንኑ ያህል እወስዳለሁ።

መጀመሪያ ሐዲዱን በሚስማር ሳትመቱ እንዲሁ ሰሌዳው ላይ አስቀምጡትና በእርሳስ አስምሩ። ቀላል ሞላላ ዙር ይበቃል። ግማሽ ዲያሜትሩ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩርባ በሁለቱም ጫፍ፣ በመሃል በየጎኑ 1.2 ሜትር ቀጥ ያለ ሐዲድ። ይህ በሙሉ ኮምፔልሳቶ ላይ ከጠርዙ በቂ ርቀት እየተወ ይገባል። አጠቃላይ ርዝመቱ 5.2 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ኩርባውን ወደ 36 ሳንቲ ሜትር ማጥበብ ይቻላል፤ ግን ረጅም ፉርጎ አይወደውም። 25 ሜትር ተኩል የሚረዝም የመንገደኛ ፉርጎ በኤችኦ 29 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠባብ ኩርባ ላይ ሆዱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል።

ዳገት ለመስራት ካሰባችሁ በአንድ ሜትር ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አትውጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ሜዳ ይሁን። ሐዲዱ ዞሮ ራሱ ላይ ተመልሶ የሚገባበትን ቅርጽም ለጊዜው ተዉት። ግራው ሐዲድ ከቀኙ ጋር ይገናኝና ሾርት ይሆናል። መፍትሄ አለው፣ የጀማሪ ሥራ ግን አይደለም።

ከዚያ ውሃ ልክ ያዙ። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ርዝመቱንም ስፋቱንም ለኩ። ጥሩ መፈተኛ አንድ ነጻ ፉርጎ ነው። አስቀምጣችሁት በራሱ መንሸራተት የለበትም። ከተንሸራተተ ከሐዲዱ ስር በካርቶን ቁራጭ አስተካክሉ።

የሐዲዶቹ መገጣጠሚያ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ። ጥፍራችሁ ከተያዘ ጎማውም ይያዛል። በቀጭን ሞረድ አለስልሱት። በየአንድ ሜትሩ በአንድ መገጣጠሚያ ላይ የወፍራም ወረቀት ያህል ክፍተት ተዉ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱን ታውቁታላችሁ። በቀን ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለ ክፍል ይጋላል። አንድ ሜትር ሐዲድ በ20 ዲግሪ ልዩነት የሚረዝመው የሚሊ ሜትር ሦስት አስረኛ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ቦታ ካጣ ግን ሐዲዱ ወደ ጎን ይጎብጣል።

በሚስማር አጥብቃችሁ አትምቱት። ሚስማሩ ሐዲዱን መያዝ እንጂ መጫን የለበትም።

ኤሌክትሪኩ

ባቡሩ መብራቱን የሚያገኘው ከሐዲዱ በጎማው በኩል ነው። አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጋቲቭ። ቮልቱ ሲጨምር ይፈጥናል፤ ሁለቱን ስታቀያይሩ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የጀማሪ ትልቁ ስህተት አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሽቦ አገናኝቶ መተው ነው። መብራቱ በየመገጣጠሚያው እየደከመ ይሄዳል። ባቡሩ ከሽቦው አጠገብ ይሮጣል፣ ማዶ ሲደርስ ይደክማል። ስለዚህ ከሰሌዳው ስር ዙሪያውን ሁለት ዋና ሽቦ አስኪዱ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር። ለቤት መስመር የሚሸጠው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በጣም ጥሩ ነው። በየሜትሩ ደግሞ ከዋናው ሽቦ ወደ ሐዲዱ ቀጫጭን ሽቦ አውጡ። ከኔትወርክ ገመድ የተፈታ ሽቦ ይሆናል።

ቀጭኑ ሽቦ ሐዲዱ ጎን ላይ በእርሳስ መበየድ አለበት። የውጭውን ጎን በሞረድ አጽዱ። ሽቦው ጫፍ ላይ አስቀድማችሁ እርሳስ አስይዙ። ከሚበየደው ቦታ ግራና ቀኝ እርጥብ ሶፍት አስቀምጡ፤ ከሐዲዱ ስር ያለው ፕላስቲክ እንዳይቀልጥ ይጠብቀዋል። የጋለውን ብረት ሦስት ሰከንድ አስነኩና አንሱ። አሲድ ያለበት ማጽጃ አትጠቀሙ፤ ቆይቶ ሽቦውን ይበላዋል። በዚህ ሥራ እጃችሁ ካልተፍታታ የሰፈር ሞባይል ጠጋኝ ጋ ሂዱና በአሮጌ ቁራጭ ላይ ያስተምራችሁ። የእኔ አስተማሪ እንዲህ ያለ ልጅ ነው፤ ዛሬ እሱም ባቡር አለው።

ምንም ነገር ከመሰካታችሁ በፊት ሎኮሞቲቩን አንሱና ቴስተሩን በድምፅ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ሐዲድ ንኩ። ከጮኸ የሆነ ቦታ ቀይና ጥቁር ተገናኝቷል። ካልጮኸ ሰላም ነው።

አሁን የመብራት መጥፋት ጉዳይ። እዚህ ዳር ላይ መብራት መሄዱ የታወቀ ነው። እኔ ከነጭራሹ ከባትሪ ነው የማስኬደው። የቢሮ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይበቃል። አንድ የኤችኦ ሎኮሞቲቭ ግማሽ አምፒር ቢበላ፣ ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳታወርዱ ወደ 7 ሰዓት ትጫወታላችሁ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ የ2 አምፒር ፊውዝ የግድ ይግባ። ባትሪ ሾርት ሲሆን ሽቦ ያቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል። ያለዚህች ፊውዝ አልሰራም በሉ።

ፍጥነቱን ለመቆጣጠር ለ12 ቮልት ሞተር የሚሸጥ መቆጣጠሪያ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ግዙ። አቅጣጫ ለመቀየር ስድስት እግር ያላት ማብሪያ ያስፈልጋል። የመሃሉን ሁለት እግር ወደ ሐዲዱ ውሰዱ። ከመቆጣጠሪያው የሚመጣውን ሁለት ሽቦ በአንዱ ጫፍ ካሉት ሁለት እግሮች ጋር አገናኙ። ከነዚያ ተነስታችሁ ወደ ሌላኛው ጫፍ በመስቀልያ አሻግሩ፤ ግራው ወደ ቀኝ፣ ቀኙ ወደ ግራ። አለቀ። አቅጣጫ ከመቀየራችሁ በፊት ግን ባቡሩን ሙሉ በሙሉ አቁሙት።

ዲሲሲ የሚባል ዲጂታል አሠራርም አለ። ሁለት ሦስት ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ ለየብቻ ማዘዝ ያስችላል። ወደፊት ብትሄዱበት ጥሩ ነው፤ ይህ አሁን የዘረጋችሁት ሽቦ ያኔም ያገለግላችኋል።

ጠጠር፣ ሣር፣ ቆርቆሮ

ለማስዋቢያ ከውጭ የሚገዛ ነገር የለም። ሁሉም ሰፈር ውስጥ አለ። ሰጋቱራ ከአናጺ ውሰዱ፣ በሻይ ማጥለያ ንፉት፣ በአረንጓዴ የውሃ ቀለም ንከሩትና አድርቁት፤ ሣር ሆነ። የጤፍ ጭድ ተቆራርጦ የጎጆ ክዳን ይሆናል። ለተራራ ካርቶን አቁማችሁ በኮላ የተነከረ አሮጌ ጋዜጣ ደርቡበት፣ ላዩን ጄሶ ቀቡ።

የሐዲዱ ጠጠር ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኔ ብሎኬት ከሚመረትበት ቦታ ደቃቅ ጥቁር አሸዋ አምጥቼ ነፋሁና ሐዲዱ መሃል አፈሰስኩ። በጣም አምሮ ነበር። በሳምንቱ ሎኮሞቲቩ ይንቋቋ ጀመር። ስከፍተው ሞተሩ ማግኔት ላይ ጥቁር ብናኝ ተለጥፏል። አካባቢያችን የእሳተ ገሞራ አገር ነው፤ ጥቁሩም ቀዩም አሸዋ ውስጥ ማግኔት የሚስበው የብረት ቅንጣት አለ። ስለዚህ የነፋችሁትን አሸዋ ወረቀት ላይ ዘርጉና በፌስታል የተጠቀለለ የድሮ ስፒከር ማግኔት ደጋግማችሁ አሳልፉበት። ማግኔቱ ባዶውን እስኪመለስ ድረስ።

ጠጠሩን በብሩሽ ካስተካከላችሁ በኋላ አንድ ጠብታ ላርጎ የገባበት ውሃ ርጩበት። ከዚያ አንድ እጅ ኮላ በሁለት እጅ ውሃ በጥብጡና በስሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉ። ላርጎው ባይኖር ኮላው አሸዋው ላይ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል። ሐዲድ መቀየሪያ ካላችሁ የሚንቀሳቀሰው ክፍል አጠገብ ኮላ አታድርሱ።

ለቤቶቹ ልኩ ቀላል ነው። ሁሉንም ለ87 አካፍሉ። 1.70 የሚረዝም ሰው 2 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የ10 ሜትር ባሕር ዛፍ 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ቆርቆሮ ለመስራት የምግብ መጠቅለያ ፎይል ውሰዱና ባለ 5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ጥርስ ላይ በጣት ጫፍ ተጫኑት። የጥርሱ ርቀት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእውነተኛው ቆርቆሮ ሞገድ ጋር በዚህ ስኬል ይቀራረባል። ዝገት ለማስመሰል የቡና አተላ ቀቡት። የእኔ ሰሌዳ ላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ሰው ሲያያቸው የትኛው ሰፈር እንደሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል።

እውነተኛውን ሐዲድ ማየትና መለካት የምትፈልጉ ካላችሁ ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ እዩ። ጣቢያ ውስጥ ፎቶ ለማንሳት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። የጅቡቲው መስመር ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ነው፤ የቀላል ባቡሩ 750። ልጆች ይዛችሁ ስትሄዱ ይህን ንገሯቸው።

አሮጌ ባቡር መሰብሰብ

አሮጌ ዕቃ ስትገዙ ከሳጥኑ ማማር በፊት ሦስት ነገር እዩ። ጎማዎቹ ሳይጣመሙ ይዞራሉ? የብረት አካሉ ላይ የጸጉር ስንጥቅ ወይም እብጠት አለ? አንዳንድ የድሮ ቅይጥ ብረት በጊዜ ብዛት ከውስጥ ይፈረካከሳል፤ ይህ አይታከምም፣ ተዉት። ሦስተኛው፣ የፉርጎ ማያያዣው ካላችሁ ጋር ይገጥማል? የማይገጥም ከሆነ መቀየር ይቻላል፣ ዋጋው ላይ ግን አስቡት። የድሮ የጣሊያን ሊማ ባቡሮች በርካሽ ይገኛሉ። የጎማቸው ጠርዝ ጥልቅ ስለሆነ ቁመቱ ዝቅ ባለ ሐዲድ ላይ ከስር ያለውን ፕላስቲክ እየመታ ይሄዳል፤ በተራ የልጆች ሐዲድ ላይ ግን ችግር የለባቸውም።

ደብተር ይኑራችሁ። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደመጣ፣ ምን እንደተቀየረለት ጻፉ። ከጫማ ካርቶን የምታገኟትን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት አትጣሉ፤ ሳጥኑ ውስጥ ክተቷት።

ጽዳትና የመጀመሪያው ዙር

የኮብልስቶን እንኳ ያልደረሰበት ሰፈር አቧራው ይታወቃል። ባትጫወቱበት ጊዜ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኑት። ሐዲዱን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል የረጠበ ነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ሳኒታይዘር አይሆንም፤ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል። ሸካራ ወረቀትም አይሆንም፤ ይቧጭረውና ቆሻሻው ጭረቱ ውስጥ ይገባል። የሎኮሞቲቩን ጎማ ለማጽዳት አልኮል የነካው ወረቀት ሐዲዱ ላይ አንጥፉና ግማሽ ጎኑን ወረቀቱ ላይ አድርጋችሁ ያዙት፤ ግማሹ መብራት ሲያገኝ በወረቀቱ ላይ ያሉት ጎማዎች ይሽከረከራሉ፣ ጥቁሩ ይወርዳል። ከዚያ አገላብጡት። ጥርሶቹ ላይ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። የሞተር ዘይት አታስቡት።

አሁን ሎኮሞቲቩን ብቻውን አስቀምጡ። ፉርጎ አትቀጥሉ። ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ እውነተኛ ባቡር በኤችኦ በሰከንድ 19 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ይህን 5.2 ሜትር ዙር በ27 ሰከንድ አካባቢ መጨረስ አለበት። በስልካችሁ ለኩት። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ላይ አብዝቶ ያስሮጠዋል።

ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ አስኪዱት። የሚንተፋተፍበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ያ ቦታ ወይ ቆሻሻ ነው፣ ወይ መገጣጠሚያው ላልቷል፣ ወይ ተጨማሪ ሽቦ ይፈልጋል። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ካጠፋችሁ በኋላ ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ ጨምሩ። አንዱ ከወደቀ ያንን ብቻ አውጥታችሁ ጎማውን እዩ።

አምስት ፉርጎ ይዞ አሥር ዙር ሳይወድቅ ከዞረ ልጆቹን ጥሯቸው። መቆጣጠሪያውን ለመጀመሪያዋ ልጅ ስጧት፣ እናንተ ማብሪያዋ ጋ ቁሙ።